የቀን ዜና ሰዓት

በዲሽ ቻናሎችን በወርሃዊ ክፍያ የሚያሳየው ድርጅት እንግዳ ተቀባይ የሆነችው ልጅ ሽማግሌውን መልእክተኛ በሳሉ ታውቀዋለች። ከሕዝብ ቴሌቪዥን ጣቢያው እየተላከ ይመጣል፤ የኮቱ ክርን ሳስቷል፣ ጫማው ግን ፊት ያሳያል። ጣቢያው «ሰው ዲሽ የሚገዛው የእኛን ዜና ብሎ ነው፤ ክፈሉን» ይላል። አለቆቿ ደግሞ «በየቤቱ የምናደርስላችሁ እኛ፤ እናንተ ክፈሉ እንጂ!» ባይ ናቸው። በዚህ መሃል እሱ ደጅ ይጠናል።

የቀን ዜና ሲደርስ ግን ሌላ ሰው ነው። ግድግዳው ላይ ካለው ቴሌቪዥን የጣቢያው ዜማ ሲሰማ ኮቱን ይቆልፋል፣ ከንፈሩን ያርሳል፣ ወገቡን ያቀናል። ወጣቱ ዜና አንባቢ ሲደናቀፍ ፊቱ ይጨማደዳል። አንዴ ለራሱ «እዚህ ጋ ትንፋሽ ይወሰዳል» ሲል ሰምታዋለች።

ዛሬ ድርድሩ ፈርሶ ጣቢያው ከዲሹ ወርዷል። ስክሪኑ ባዶ ሰማያዊ ነው። እሱ ግን ኮቱን ቆለፈ።

«አባባ፣ አውርደውታል እኮ። ከእንግዲህ አይመጣም፤ አይጠብቁ።»

«ነግረውኛል ልጄ» አላት፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል። «ሰዓቱ ግን ደርሷል።»

ጉሮሮውን ጠረገ። ትንፋሽ ወሰደ።