ማዕበል ያጣ ሰው

መርከቡ ላይ አምስት ሐበሾች ነበርን። ጋሽ መኮንን፣ ዳላስ አጠገብ ኧርቪንግ ውስጥ ከኤርፖርት ወደ ሆቴል ሰው የሚያመላልሱ ቫኖች አሉት። ሚስቱ እትዬ ሂሩት። ልጃቸው ሊዲያ፣ ያኔ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። የጋሽ መኮንን እናት እማማ አስካለ። አምስተኛው እኔ፣ የእትዬ ሂሩት የአክስት ልጅ። ቴሌቪዥንና ቪዲዮ መጠገን ከመጽሐፍ ነው የተማርኩት፤ ይዘውኝ የሄዱትም ቪዲዮ እንዳነሣላቸው ነው።

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ፣ ከደቡብ ዋልታው የበረዶ ምድር ስንመለስ ነው። እስከ ዛሬ ያልረሳሁት ለበረዶው ብዬ አይደለም። ባሕሩ ጸጥ ባለበት ቀን ማዕበል የሚፈልግ ሰው ስላየሁ ነው።

ጋሽ መኮንን ወደዚያ የሄደው ፔንግዊን ወዶ አልነበረም። «ከዳላስ ሐበሻ የመጀመሪያው» ለመባል ነው። ሌላም ምክንያት ነበረው። በቤተ ክርስቲያናችን ለሽማግሌነት ስሙ ሊቀርብ ነበር። በእኛ ዘንድ ከሩቅ መንገድ የተመለሰ ሰው እሁድ ማይክሮፎን ይዞ ጌታ ያደረገለትን ይመሰክራል። ምስክርነቱ ውስጥ ባሕርና ሞት ካለበት ደግሞ ጉባኤው ሰውየውን ቶሎ አይረሳውም።

ስንሄድ እውነተኛ ማዕበል ነበር። መርከቡ ሲነሣና ሲወድቅ ጋሽ መኮንን አልጋው ላይ ተጠቅልሎ ያስመልሰው ነበር። ባልዲውን የያዙለት እማማ አስካለ ናቸው። ያን ቀን ካሜራዬን እንዳወጣ አልፈቀደም።

ስንመለስ ግን ባሕሩ ተኛ። ከጠዋት ጀምሮ ነፋስ የሚባል አልነበረም። አንዲት ነጭ ወፍ ውሃው ላይ ተቀምጣ፣ መርከቡ በአጠገቧ ሲያልፍ እንኳ አልተነሣችም። ፈረንጆቹ ያነባሉ፣ ያንቀላፋሉ። እማማ አስካለ ከመርከቡ ኋላ፣ ደጅ ላይ፣ ብርድ ልብስ ደርበው ሹራብ ይሠራሉ። በጉዞው ሁሉ ፊታቸው ፈታ ብሎ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ጋሽ መኮንን የሕይወት አድን ጃኬት ለብሶ መጣ።

«ካሜራውን አውጣ፤ ማዕበሉን እንቅረጸው።»

«የቱን ማዕበል፣ ጋሼ?»

«ሶ፣ አንተ ካሜራውን አዘንብለህ ትይዛለህ፣ እኔ የመርከቡን ብረት ይዤ እጮኻለሁ።»

«ባባ፣ ባሕሩ ፍላት ነው እኮ» አለች ሊዲያ።

«አንቺ ዝም በይ። ሂሩት፣ ተንበርከኪ።»

እትዬ ሂሩት ተንበረከከች። መጀመሪያ ግን ወለሉ እንዳይቀዘቅዛት ሹራቧን አጥፋ ጉልበቷ ሥር አነጠፈች።

ካሜራው ሲያዘነብል አጠገባችን ጠረጴዛ ላይ ያለው ብርጭቆ፣ ውስጡ ያለውም ሻይ፣ አብረው እንደሚያዘነብሉ ነገርኩት። በእውነተኛ ማዕበል ሻይ እንደዚያ አይሆንም፤ ይፈስሳል። «ማን ሻይ ያያል?» አለኝ። ፊልሙ የእሱ ነው፤ አነሣሁለት። «ኢየሱስ፣ አድነን» እያለ ሲጮህ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ቀና ብሎ አየውና ወደ መጽሐፉ ተመለሰ።

ቀጥሎ ወደ እናቱ ሄደ።

«እማዬ፣ እሁድ የምትመሰክሪው አንቺ ነሽ። የእናት ቃል ልብ ይነካል።»

«ምን ብዬ?»

«ስንመለስ ልንሰጥም ነበር በይ። የሽማግሌነቱ ነገር በዚህ ነው የሚያልቀው። አታዋርጂኝ።»

እማማ አስካለ ክሩን ሳብ አደረጉ። «መኮንን፣ እኔ መመስከር የጀመርኩት ደርግ ያሰረኝ ጊዜ ነው። አንዲት ቃል ጨምሬ አላውቅም።»

«ኦኬ። እንግዲህ ቤተ ክርስቲያን የሚወስድሽ ሌላ ሰው ፈልጊ» ብሎ ሄደ።

እማማ አስካለ የሚኖሩት ፍሪስኮ ከተማ፣ እሱ ቤት ነው። ከዚያ ቤተ ክርስቲያናችን ያለበት ኧርቪንግ በእግር አይደረስም፤ እሳቸው መኪና አይነዱም፣ እንግሊዝኛ አያውቁም። ከሰው የሚገናኙት እሁድ ብቻ ነው። ይህን እያወቀ ነው የተናገረው። ከጩኸቱ ይልቅ በዚህ ናቅሁት።

በተመለስን እሁድ ለጉባኤው የተከራየነው አዳራሽ ሞልቷል። ጋሽ መኮንን ትልቅ ቴሌቪዥን አስመጥቶ፣ ከራቫት አስሮ ከፊት ተቀምጧል። እናቱን ይዟቸው የመጣው ራሱ ነው፤ እሺ ያሉት መስሎታል። ካሴቱን ያስገባሁት እኔ ነኝ። ብረት ይዞ ሲንገዳገድ ሲታይ ሴቶች አለቀሱ፤ «ጌታ ሆይ» የሚል ድምፅ ከየወንበሩ ተሰማ። ሻዩን ማንም አላየም። እዚያ ላይ ጋሽ መኮንን ልክ ነበር።

ማይክሮፎኑ ለእማማ አስካለ ተሰጠ።

«ልጆቼ፣ ስንሄድ ባሕሩ ተናውጦ ነበር። ልጄ ሲያስመልሰው ባልዲ የያዝኩለት እኔ ነኝ። ጌታ አተረፈው፤ ስሙ ይባረክ። ይሄ አሁን ያያችሁት ግን ስንመለስ ነው። ያን ቀን ባሕሩ እንደ ገበታ ነበር። ይሄን ሹራብ እዚያው ቁጭ ብዬ ነው የጨረስኩት። ለጸጥታውም አመሰግነዋለሁ።»

ጉባኤው በልማዱ «አሜን» አለ። የተባለው የገባው ከዚያ በኋላ ነው። ሊዲያ ብቻ ሳቀች።

የጋሽ መኮንን ስም ለሽማግሌነት አልቀረበም። ብዙም ሳይቆይ ማኪኒ ከተማ ወዳለ ሌላ ጉባኤ ሄደ። እዚያ ሆኖ «ያ ልጅ ቀረጻ ስለማይችል ማዕበሉን አበላሸብኝ» እንደሚል ሰምቻለሁ። እናቱን፣ እንዳለው፣ ዳግመኛ ወደ እኛ አላመጣቸውም። እሁድ እሁድ ከፍሪስኮ የማመጣቸው እኔ ነኝ። እሱ በር ከፍቶልኝ አያውቅም። እሳቸው መንገድ ላይ ስለ ልጃቸው ክፉ አይናገሩም። እኔ ግን ንቀቴ አልበረደም፤ እንዲበርድልኝም አልጸልይም።

አንድ ነገር ይጎድለኛል። እሳቸው ሲናገሩ ቴሌቪዥኑን ላጠፋ ጎንበስ ብዬ ስለነበር የጋሽ መኮንንን ፊት አላየሁም። ገና ሲጀምሩ ወጥቷል የሚል አለ። አብሮ «አሜን» ብሏል የሚልም አለ። ያን እሁድ አዳራሹ ውስጥ የነበራችሁ፣ በተለይ ከፊት የተቀመጣችሁ፣ ያያችሁትን ጻፉልኝ። ያላያችሁትን ግን አትጨምሩ።