ጆንያ የለበሰው የዘር ድንች

አሰላ ለትምህርት በመጣሁ በሁለተኛው ወር፣ የእጅ ጽሑፌ ጥሩ ነው ተባለና የዜና ሰሌዳው ለእኔ ተሰጠ። ሰሌዳው የተሰቀለው ከአንድ ትምህርት ቤት ጀርባ ባለው የጋራ የአትክልት ቦታ በር ላይ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ የትምህርት ቤቱ ልጆች፣ የአካባቢው እናቶችና እንደ እኔ ያሉ የዩኒቨርሲቲ ጀማሪዎች እዚያ ተሰብስበን ችግኝ ማዛወር፣ ኮምፖስት ማዘጋጀት፣ ዘር መምረጥ እንማራለን። እኔ ደግሞ የሳምንቱን ወሬ በጠመኔ እጽፋለሁ፦ የካሮቱ መደብ ተኮትኩቷል፤ የጎመን ችግኝ ለሚፈልግ አለ። እንዳልሳሳት መጀመሪያ ደብተሬ ላይ አረቅቃለሁ። ቦታውን የሚመሩት ጡረታ የወጡ የግብርና መምህር ናቸው፤ ጋሼ እንላቸዋለን። ቆም ብለው አንብበው ራሳቸውን ከነቀነቁልኝ ሳምንቱን ሙሉ ደስ ብሎኝ እውላለሁ።

ከአንባቢዎቼ አንዷ ግን ማንበብ አይችሉም ነበር። ከከተማው ወጣ ካለ መንደር የሚመጡ እናት ናቸው፤ ልክ እንደገቡ ነጠላቸውን እያስተካከሉ «ዛሬ ምን ይላል?» ይሉኛል። ድምፄን ከፍ አድርጌ አነብላቸዋለሁ። ሲጥማቸው በኦሮምኛ «ጋሪዳ!» ይላሉ፤ ጥሩ ነው ማለታቸው ነው።

በቦታው ጥግ ግድግዳዋ የእንጨት ርብራብ የሆነ፣ ብርሃን የሚያስገባ ትንሽ የሣር ጎጆ አለች። ታችኛው መደርደሪያ ላይ የተደረደረው ድንች የእኚሁ እናት ነበር። ባለፈው ዓመት ከመደባቸው ካወጡት ውስጥ የእንቁላል መጠን ያለውንና ጤነኛውን አንድ በአንድ መርጠው ለዘር ያስቀመጡት ነው። ወንድማቸው ከአባታቸው መሬት ቁራሽ ሊሰጣቸው ቃል ገብቷል፤ ዝናቡ ሲይዝ ካልተከሉበት ግን ራሱ ገብስ ሊዘራበት ነው። «ዘንድሮ የራሴን መሬት በራሴ ዘር» ይሉ ነበር።

የፋሲካ ሰሞን ጋሼ ቤተሰባቸውን ሊጠይቁ ወደ አገራቸው ሲሄዱ ቦታውን እንድጠብቅ አደራ አሉኝ። እኚያም እናት ልጃቸው ስለወለደች ሊያርሷት ሮቤ ሄደው በዚያው ቆዩ። አንድ ቀን ጎጆዋን ስጠርግ ድንቹ አረንጓዴ ሆኖ አየሁት። ደነገጥኩ። እኔ የአቦምሳ ልጅ ነኝ፤ እናቴ ገበያ ላይ አትክልት ትሸጣለች። በእኛ ሙቀት ድንች ሁልጊዜ ጆንያ ይለብሳል። ፀሐይ ያየው ድንች አረንጓዴ ይሆናል፣ ይመራል፣ ሆድ ያማል፤ ገዢም አያነሳውም። ስለዚህ ጆንያ ለምኜ መደርደሪያውን ሁሉ ሸፈንኩ፤ ርብራቡንም ሳይቀር ጋረድኩት። ከዚያ በሚያምር ጽሑፍ «የዘር ድንቹ ከፀሐይ ጉዳት ተጠብቋል» ብዬ ጻፍኩ። ጋሼ ሲመለሱ እንደሚያመሰግኑኝ አልተጠራጠርኩም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ መጡ። ሰሌዳውን አነበቡ፤ ራሳቸውን ግን አልነቀነቁም። ቀጥ ብለው ወደ ጎጆዋ ሄደው ጆንያውን ገለጡት። ነጫጭ ቡቃያዎች እንደ ክር ረዝመው እርስ በርስ ተጠላልፈዋል።

«ለድንቹ የፀሐይ መነጽርም ግዢለት እንጂ!» አለ ከትምህርት ቤቱ ልጆች አንዱ። ሌሎቹ ሳቁ።

«ዝም በል አንተ፤ ባለፈው ዓመት የካሮት ችግኝ አረም ነው ብሎ የነቀለው ማን ነበር?» አሉት ጋሼ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ለወጥ ቢሆን ልክ ነሽ። ለዘር ሲሆን ግን ሆን ብለን ነው ብርሃን የምናሳየው። አረንጓዴው ድንች ቡቃያው አጭርና ጠንካራ ይሆናል። ይሄ ጨለማ ውስጥ የረዘመው ግን ሲተክሉት ይሰበራል። ማንን ጠየቅሽ?»

«ማንንም።»

ጆንያውን አጣጥፈው ወደ ጎን አስቀመጡት። «የድንቹ ባለቤት ቅዳሜ ይመጣሉ። እኔ ልንገርልሽ?»

አዎ ልል አፌን ከፍቼ ነበር። «እኔው እነግራቸዋለሁ» አልኩ።

የዚያን ሳምንት ዜና አምስት ጊዜ አረቀቅኩት፤ እያጠፋሁ እያጠፋሁ አጭሩ ቀረ። ቅዳሜ ገና ከመግባታቸው «ዛሬ ምን ይላል?» አሉኝ። አነበብኩ፦ «የታችኛው መደርደሪያ የዘር ድንች በስህተት ጨለማ ውስጥ ቆይቶ ተጎድቷል። የሸፈንኩት እኔ ነኝ።»

«ያ ረቢ!» አሉና ሩጫ ሊባል በሚችል እርምጃ ወደ ጎጆዋ ሄዱ። ተከተልኳቸው። አንዱን ድንች አንስተው በአውራ ጣታቸው ጫን ጫን አደረጉት። ሌላም አነሱ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ አለቅሳለሁ።

«ልቅሶሽ ያበቅለዋል?» አሉኝ ቀና ሳይሉ። «ነይ ተቀመጪ። ጠንካራውን ወዲህ፣ የለሰለሰውን ወዲያ። ቡቃያውን ከሥሩ ቀንጥሺው፤ ሌላ ያወጣል።»

«ይደርሳል ግን እማማ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ዝናቡን ጠይቂው።»

እስከ ምሳ ሰዓት ስንቀነጥስ ቆየን። የለሰለሰው ወደ ግማሽ ይጠጋ ነበር። ቀሪውን መልሰን ብርሃን ላይ ደረደርነው። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ከክፍል ስወጣ አየው ነበር፤ እጄን ግን አላሳርፍበትም። አዲሱ ቡቃያ ቀስ እያለ አጭርና ወፍራም ሆኖ ወጣ። ዝናቡም ቀደም ብሎ ያዘ። በአንድ ቅዳሜ በጋሪ ጭነው ወሰዱት፤ ዘሩ የበቃው ለመሬታቸው እኩሌታ ብቻ ነበር። በቀረው ላይ ወንድማቸው እንዳለው ገብሱን ዘራ።

በሚቀጥለው ሳምንት ጫማቸው ጭቃ እንደያዘ መጡና ሰሌዳው ፊት ቆሙ።

«ዛሬ ምን ይላል?»

«የታችኛው መደርደሪያ ባዶ ሆኗል። የእማማ መሬት ድንች ተተክሎበታል» ብዬ አነበብኩ።

«ግማሹ በይ እንጂ!» አሉ።

በእጄ ጠርጌ «ግማሹ» የሚለውን ጨመርኩና እንደገና አነበብኩላቸው።

«ጋሪዳ» አሉና አካፋቸውን ይዘው ወደ መደባቸው ሄዱ።