አፈር ያበዛው ሹፌር

ጡረተኛው የአውቶቡስ ሹፌር መሪ ከለቀቀ ወዲህ እጁ ሥራ ፈትቶ መቀመጥ አልሆንለት ብሎ ጓሮውን ያዘ። ጎመንና ካሮትማ ማንም ያበቅለዋል ብሎ ናቃቸው። እሱ የፈለገው ከሥሩ ድብልብል የሚያወጣውን የሰለሪ ዓይነት ነው። ዘር ሻጩ፣ ይሄ ቅዝቃዜ ይወዳል፣ በዚህ ሙቀት አይሆንልዎትም ሲለው ነገሩ እልህ ሆነበት።

ችግኙን አፍልቶ በመደዳ ተከለ። ድንች ሲተከል እያየ ያደገ ሰው ነውና፣ ሥሩ የሚበላ ሁሉ አፈር ይወዳል ብሎ እስከ አንገቱ አለበሰው። ገና ስላልወጣው ሥር እያወራም ሰፈሩን አሰለቸ። ኩሽናው በር አጠገብ ያለችው አንዷ ተክል ግን ታበሳጨው ነበር። የታች ቅጠሎቿ በየቀኑ ይጎድላሉ፤ አትክልት የታጠበበት ውሃ እየተደፋባት አፈሯ ተሸርሽሮ አንገቷ ተራቁቷል። ቅጠሉን ለሾርባ የምትቀጥፈው የልጁ ሚስት ናት።

አንድ እሑድ የምራቱ እናት ልትጠይቃቸው መጥታ ሁሉም ጓሮ ተቀምጠው ሳለ፣ ምራቱ እንደ ልማዷ ቅጠል ቀጥፋ ስትገባ አያት። ደሙ ፈላ።

"አንቺ እጅ የገባ ነገር መቼ አድጎ ያውቃል" አላት።

ስለ ሰለሪው መናገሩ ነበር። ምራቱ ግን ባለፈው ዓመት ጽንስ ወርዶባታል። እናትየው አንገቷን ደፋች፣ የሹፌሩ ልጅ ተነስቶ ወጣ። ያኔ ነው የተናገረው የገባው፤ መሬት ተከፍታ በዋጠችው። ይቅርታ ሊል አፉን ሲከፍት የወጣው ግን፣ ዘንድሮ ሙቀቱ በዛ የሚል ወሬ ሆነ።

ምራቱ አላኮረፈችም። ምግቡን ታቀርባለች፣ ሸሚዙን ትተኩሳለች። ብቻ "አባባ፣ ምሳ ደርሷል" ትለው የነበረችው ልጅ፣ ከዚያ ቀን ወዲያ "ምሳ ደርሷል" ብቻ ትላለች። ቤቱ ውስጥ ይህን ያስተዋለ ከእሱ በቀር ያለ አይመስልም።

መንቀያው ሲደርስ ከመደዳው ጫፍ ጀምሮ ቆፈረ። የወጣው ሁሉ ታፍኖ የከሳ ጭራ ነው። ሰፈሩ "አፈር አብዝቶ አፈረ" ብሎ ቢቀልድበት አይከፋውም ነበር። የባሰው የመጣው ኩሽናው በር ሲደርስ ነው። ያቺ የታች ቅጠሏ የተመለመለው፣ አንገቷ የተራቆተው፣ ከሰዓት በኋላ በተሰጣ ልብስ ጥላ ሥር የምትውለው፣ እርጥበት ያልተለያት፣ ሁለት ቡጢ የሚያክል ሥር ይዛ ወጣች። ሹፌሩ ብቻውን ቆሞ ፊቱ ጋለ።

ይዞት ኩሽና ገባና ከምራቱ ፊት አስቀመጠው።

"ያደገው ያንቺ ብቻ ነው።"

"እኔ አላሳደግኩትም፤ ቀጥፌ በላሁት እንጂ" አለች።

"ያን ቀን የተናገርኩሽ..." ብሎ ጀመረ። "ምነው ምላሴን በቆረጠው።"

ሥሩን ትልጠው ጀመር። ሾርባው ሲደርስ ትልቁን ጉራጅ መርጣ ለእሱ ቀዳችለት።

"ይብሉ" አለችው።

ማንኪያውን እንደያዘ ጠበቀ። የጎደለችው ቃል አልመጣችም። አንገቱን ደፍቶ በላ።