ሳይገፋ የሚነሳ መኪና

ባትሪን በብርድ ወራት የሚገድለው ብርዱ ሳይሆን ረሃቡ ነው። ይህን ለማወቅ አንድ ባትሪ ገድያለሁ። ሌላ ሰው ሌላ ባትሪ እንዳይገድል ነገሩን ከመጀመሪያው ባስረዳ ይሻላል።

መኪናዋ ቀይ ነበረች። ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣሪያዋ ሸራ፣ ወንበሯ ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ያለ የስፖርት መኪና። ከአምስተልቨን ገዝቻት ወደምኖርበት ከተማ ወደ ካፔለ አን ደን አይሰል ስነዳ ዝናቡ በሸራው ስፌት እየገባ ጉልበቴ ላይ ይንጠባጠብ ነበር፤ እኔም እዘፍን ነበር። አገሩ ሆላንድ፣ ጊዜው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ሰማንያዎቹ ውስጥ ነው። ቀን የአገሩን ቋንቋ እማራለሁ፣ ማታ ሮተርዳም ውስጥ ቢሮ አጸዳለሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ዘ ሄግ በአንድ የሰፈር አዳራሽ ለአገራችን ልጆች አማርኛ አስተምራለሁ። አገር ቤት የፊዚክስ አስተማሪ ነበርኩ፣ ያውም ለሁለት ዓመት ብቻ። ስለዚህ ያቺ የቅዳሜ ክፍል ለእኔ የትርፍ ሰዓት ሥራ አልነበረችም። በሳምንት ውስጥ ሰው "መምህር" ብሎ የሚጠራኝ በእነዚያ ሦስት ሰዓታት ብቻ ነበር።

የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢው ሽማግሌ አገር ቤት የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነበሩ። ጋሼ እላቸዋለሁ። መኪናዋን ገና ሲያዩዋት አልወደዷትም። ስደተኛ ሰው ዓይን የሚገባ ነገር አይይዝም አሉ፤ ፈረንጁ እነዚህ ተቸግረው ነው ወይስ ለሽርሽር የመጡት ይለናል፤ ልጆቹም ከፊደል ይልቅ ጎማ ማየት ይለምዳሉ። ክፉ ሰው ስለሆኑ አልነበረም፤ ፈርተው ነው። እኔ ግን አልተስማማሁም። እዚያ አገር ከገባሁ ጀምሮ የተሰጠኝ ሁሉ የሚያስፈልገኝ ነገር ነበር፤ የሚያስፈልገኝ ካፖርት፣ የሚያስፈልገኝ አልጋ፣ የሚያስፈልገኝ ፎርም። ለምንም ሳያስፈልገኝ፣ ደስ ስላለኝ ብቻ መርጬ የያዝኩት ያቺን መኪና ነበር። ልጆቹም እንዲያዩት የምፈልገው ይህንኑ ነው።

በዚያ አገር መንገዱ በረዶ ሲይዝ ጨው ይበትኑበታል። ጨው ደግሞ ቆርቆሮ ይበላል። ስለዚህ እንዲህ ያለች መኪና ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ተቆልፋ ትቀመጣለች። ከምኖርበት ፎቅ ሥር ጋራዥ ተከራይቼ ነበር፤ ጋራዡ ግን የኤሌክትሪክ መስመር የለውም።

በመጀመሪያው የብርድ ወቅት ባትሪውን ፈትቼ ተሸክሜው አራተኛ ፎቅ ወጣሁ። እስከዚህ ድረስ ትክክል ነበርኩ። ከዚያ ግን ከቆላ እንደመጣ እንግዳ አስተናገድኩት፤ እናቴ በሰው የላከችልኝን ጋቢ አልብሼ ከማሞቂያው አጠገብ አስቀመጥኩትና አምስት ወር ሙሉ አልነካሁትም። ማወቅ ነበረብኝ። ባትሪ ዝም ብሎ ቢቀመጥም ኃይሉ ቀስ በቀስ ያልቃል፤ ሙቀት ሲያገኝ ደግሞ ይብስበታል። እኔን ብርዱ ስላንዘፈዘፈኝ እሱንም የሚያንዘፈዝፈው መሰለኝ። የጋቢው አንድ ጫፍ በአሲድ ተበሳስቶ ቀረ።

ከፋሲካ በኋላ ባለው ቅዳሜ ወላጆቹን ከነልጆቻቸው ምሳ ጋበዝኩ። ከምሳ በኋላ ሁሉም ወርደው ጋራዡ ፊት ቆሙ። ቁልፉን ሳዞር "ጠቅ" አለ፤ ሌላ ምንም የለም። የእኛ ሰው ደግሞ መኪና ቆሞ ሲያይ ግፉልኝ እስኪባል አይጠብቅም። አባቶቹ የክት ኮታቸውን እንደለበሱ ከኋላ ተሰልፈው፣ ማርሽ ሁለተኛ አስገባ እያሉ መግፋት ጀመሩ። የፎቁ ነዋሪ በየመስኮቱ ወጥቶ ያየናል። ሁለት ዙር ከገፉ በኋላ እየሳለች ተነሳች፤ የመጀመሪያው የትራፊክ መብራት ጋ ስደርስ ጠፋች። ጋሼ በግፊያው መሀል አንድ እግራቸው ውሃ የቋጠረ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ነበር። ጫማቸውን እያራገፉ፣

"መኪናዋ ካንተ ትሻላለች፤ አንተ ልታይ ልታይ ትላለህ፣ እሷ ቢያንስ አልሄድም ማለት ታውቃለች" አሉኝ።

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ ግን ሳቁ ከጥርሴ አላለፈም።

አዲስ ባትሪ ገዝቼ በጋውን ነዳኋት። ብርዱ ሊገባ ሲል ኮሚቴው ጠራኝ። ጋሼ ብዙ አልተናገሩም፤ ወይ መኪናዋን ሽጥ፣ ወይ ሌላ አስተማሪ እንፈልጋለን አሉ። ቁጭ ብዬ መመለስ ሲገባኝ ተነሳሁ። ከመጪው ፋሲካ በኋላ ባለው ቅዳሜ፣ አምስት ወር ተኝታ፣ በፊታችሁ በገዛ ባትሪዋ ትነሳለች፤ ካልተነሳች መኪናዋንም ክፍሉንም እተዋለሁ አልኩ።

"ሳይገፋ?" አሉ ጋሼ።

"ሳይገፋ።"

"አንድ ሰው በጣቱ ከነካት ተሸንፈሃል።"

ተስማማሁ። ደረጃውን ስወርድ ነው ምን እንዳስያዝኩ የገባኝ።

ከእኔ በታች ባለው ፎቅ ጡረታ የወጣ ሆላንዳዊ የትራም መካኒክ ይኖር ነበር። ባትሪውን ተሸክሜ ስወጣ አገኘኝና ወዴት እንደምወስደው ጠየቀኝ። የጋቢውን ታሪክ ስነግረው ስቆ ስቆ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ሳቁን ሲጨርስ አስረዳኝ። የጠገበ ባትሪ ውጭ ቢከርም በረዶ አይሆንም፤ የተራበው ግን ውስጡ ያለው አሲድ ወደ ውሃነት ስለሚጠጋ በረዶ ሠርቶ ይሰነጠቃል። ከቤቱ አንድ ትንሽ ቻርጀርና የአሲዱን ጥንካሬ የሚለካ፣ ውስጡ ተንሳፋፊ ያለው የመስታወት ቱቦ አውጥቶ ሰጠኝ።

አሠራሩ ይህ ነው። ሲፈታ መጀመሪያ የኔጋቲቩ ገመድ፣ ቀጥሎ የፖዘቲቩ ይፈታል፤ ሲታሰር በተቃራኒው ነው። ባትሪው ቀዝቃዛ ሆኖ ዝናብ በማያገኘው ቦታ፣ ሳንቃ ላይ ይቀመጣል፤ የእኔ በረንዳዬ ላይ ነበር። ውሃው ከጎደለ ለካውያ የሚሸጠው የተጣራ ውሃ ይጨመራል እንጂ የቧንቧ አይሆንም። በየአራት ሳምንቱ አንድ ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ቀስ ብሎ ይሞላል። ሲሞላ የሚወጣው ጋዝ ስለሚፈነዳ ሲጋራ አጠገቡ አይደርስም። ይኸው ነው። ከባዱ ነገር አለመርሳት ነው።

እኔም እንዳልረሳ ለልጆቹ ሰጠኋቸው። የግእዝ ቁጥር የምንማርበት ወቅት ስለነበር መለኪያው ያሳየውን በየወሩ ሰሌዳ ላይ ያሰፍራሉ። ፲፪፻፹ የጠገበ ነው፣ ፲፩፻ ያለቀለት። ጋሼ አንድ ቅዳሜ ክፍሉን ሊጎበኙ መጥተው ሰሌዳውን ረጅም ጊዜ አዩት። እዚያው አገር የተወለደች አንዲት ተማሪ፣

"አንተ፣ አሁንም ጠግቧል እኮ" አለቻቸው።

እርስዎ በይ ብዬ አረምኳት። እሳቸው ግን መታረሟንም አልሰሙ፤ ቁጥሩን ነበር የሚያዩት። ሲወጡ ቁጥር ሞተር አያስነሳም አሉኝ። ያስነሳል አልኳቸው።

በዚያ ዓመት ብርዱ ጠና። ቦዮቹ በረዶ ሠርተው ሰው ከላያቸው ይንሸራተት ጀመር። አንድ ጠዋት የበረንዳው በር ላይ የተበሳሳውን ጋቢ ይዤ ቆምኩ። የማውቀው ፊዚክስ ተወው ይለኛል፤ እጄ አልብሰው ይለኛል። በመጨረሻ ጋቢውን ራሴ ለበስኩትና በሩን ዘጋሁት።

ቅዳሜው ደረሰ። ዘንድሮ ካለፈው ዓመት የበለጠ ሰው መጣ። ባትሪውን አስሬ ገባሁና ቁልፉን አዞርኩ። ሞተሩ በኃይል ተሽከረከረ፤ ግን አልተነሳም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ለረጅም ጊዜ በቆመች መኪና፣ ቤንዚኑን ከአየር ጋር በሚያደባልቀው ካርቡሬተር ውስጥ ያለው ቤንዚን ተንኖ ያልቃል፤ ፓምፑ አዲስ እስኪስብ ድረስ ሞተሩን የሚያዞረው የባትሪው ጉልበት ብቻ ነው። ይህን እኔ አውቃለሁ። ደጅ የቆሙት የሚያውቁት አለመነሳቷን ብቻ ነው። ጥቂት አሳርፌ ደገምኩ። አሁንም እምቢ አለች። በመስታወቱ ሳይ አባቶቹ እጅጌያቸውን ሰብስበው ወደ ኋላዋ ተጠግተዋል። ከሁሉም ፊት ጋሼ ነበሩ። ሁለት መዳፋቸውን ዘርግተው፣ ሊነኳት አንድ ስንዝር ቀርቷቸዋል።

በሩን ከፍቼ ወጣሁ።

"እጅዎን ይሰብስቡ፣ ጋሼ።"

"ልንረዳህ እኮ ነው።"

"አውቃለሁ። አይንኳት። ድምፁን አልሰሙትም? የደከመ ባትሪ እንዲህ አያዞርም።"

መዳፋቸውን የሌላ ሰው እጅ ይመስል አዩት፤ ከዚያ ኪሳቸው ከተቱት። ሌሎቹም አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። ተመልሼ ገባሁና ቁልፉን ይዤ ቆየሁ። ዞረ፣ ዞረ፣ ዞረ፤ አንዴ አሳላት፣ ሰማያዊ ጭስ ተፋች፣ ተነሳች። ልጆቹ ዙሪያዋን ዘለሉ። መካኒኩ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ጋዜጣውን ያነብ ነበር፤ ቀናም አላለ።

ጋሼን ወደ ዘ ሄግ እኔ አደርስዎታለሁ አልኳቸው፤ እምቢ ማለት አልቻሉም። ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው መንገዱን ሙሉ በሁለት እጃቸው ያዙት። ቤታቸው ደጃፍ ሞተሩን አጠፋሁ። ወንበሩ ዝቅ ያለ ስለሆነ መነሳት አቃታቸው፤ ሁለት እጃቸውን ይዤ ሳብኳቸው። ኮታቸውን አስተካክለው ሲያበቁ፣ "ክፍሉ ያንተ ነው፤ ቅዳሜ እንዳታረፍድ" አሉኝ። ቀጥለውም፣ "መኪናዋን ግን ሽጣት።"

"አልሸጣትም፣ ጋሼ።"

ወደ በራቸው አቀኑ። ቁልፋቸውን አውጥተው እስኪከፍቱ ጠበቅኩ። ከዚያ የእኔን ቁልፍ አዞርኩ፤ በአንድ ጊዜ ተነሳች። እንዲሰሙልኝ ነበር ሞተሩን ያጠፋሁት።