የጌታነሽ መርዶ

ጌታነሽ ጨጓራዋን ያስቀነሰችው ተደብቃ አይደለም። በመንዝ ለመሐል ሜዳ ከተማ ሰው ሁሉ፣ ለጠየቃትም ላልጠየቃትም፣ «ቆርጠው አሳነሱልኝ፤ እንድከሳ ነው» ብላ በግልጽ ተናግራለች። ጉዱ ሁሉ የመጣው እውነቱን በመናገሯ ነው።

ገበያ ላይ ባና፣ ያን ወፍራም የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ፣ የምትሸጥ ሴት ነች። ብርድ ሲጠናባት ከምትሸጠው ባና አንዱን ደርባ ስትቀመጥ፣ እሷ የት ላይ እንደምታበቃና ሸቀጡ የት ላይ እንደሚጀምር መለየት ያስቸግር ነበር። በዚህ ማንም አልሳቀባትም። ውፍረቷ የቤቱ ክብር ነበር፤ ባሏ ይሥሐቅ፣ ያ አጥንቱ የሚቆጠር ሰውዬ፣ በመንገድ ሲያልፍ «ሚስቱን እንዴት አድርጎ ቢይዛት ነው» ተብሎ ይመሰገን ነበር። እሷ ግን ስኳሩም ጉልበቱም አሠቃይቷታል። ባለፈው ዓመት በጊዮርጊስ ንግሥ ታቦቱ በሚያልፍበት መንገድ ላይ እንደተቀመጠች መነሳት አቃታት። ዲያቆናቱ ጉዞውን አቁመው እሷን ተጋግዘው ሲያነሱ፣ ከኋላ ያለው ሕዝብ ታቦቱ አልሄድም ያለ መስሎት እልልታውን አቀለጠው፤ የተንበረከከም ነበር። ጌታነሽ በሰው እልልታ መሀል ቆማ አለቀሰች። በማግስቱ አዲስ አበባ ላለችው ልጇ ለትሕትና ደውላ «የፈለጉትን ይቁረጡ» አለቻት።

ቆረጡ። የቀረላት ጨጓራ ከሦስት ጉርሻ በላይ አይዝም። ጥር ላይ ወደ አገሯ ስትመለስ ቀሚሷን በገመድ አስራ ነበር፤ ከዚያም በኋላ መቅለሏ አላቆመም። ስኳሩ ወረደላት። ዳገቱን ሳታርፍ ወጥታ ሰው ሰላም ስትል ፊቷ ያበራል።

በዚያ አገር ግን ክፉ በሽታ ለታማሚ አይነገርም። ሐኪሙ ዘመድ ለብቻው ጠርቶ ያወራል፤ ዘመድም እንባውን ደጅ ጠርጎ ይገባና «ጨጓራ ነው፣ ቀላል ነው» ይላል። ይህን ውሸት የሚለው የለም፤ ርኅራኄ ነው። እንግዲህ አንዲት ደልዳላ ሴት ሐኪም ቤት ገብታ፣ ግማሿ ብቻ ተመልሶ «ጨጓራዬን ነው፣ ደኅና ነኝ» ስትል ሰው ምን ይበል?

«ምስኪን፤ አልነገሯትም» አለች ጎረቤቷ ቦጋለች።

አለቀ። ከዚያ ወዲያ ጌታነሽ የምትናገረው ሁሉ አለማወቋን የሚያረጋግጥ ሆነ። አንዱን ባና ገዢ «ወድጄ ነው የከሳሁት» ብትለው ዓይኑ እንባ ሞላና ዋጋ ሳይከራከር ገዝቶ ሄደ። መንዝ ላይ ሰው የሚከሳው በሐዘን፣ በጾም ወይም በሞት ነው፤ ወድዶ የከሳ ሰው ታይቶ አይታወቅም።

ጠያቂው ጎረፈ። ባዶ እጁን የሚመጣ የለም፤ ቅቤ የዋኘበት ገንፎ፣ የሙክት ቅቅል፣ ጨውና በርበሬ ያልተነፈገው ወጥ ይዞ ይመጣል፤ ሲበላለትም ሳያይ አይነሳም። ጌታነሽ አንድ ማንኪያ ቀምሳ ታቆማለች። ጠያቂዋ ከንፈሯን ትመጥጣለች። ተቀይማ ፊቷ ሊጠቁር ሲል ይሥሐቅ ሰሐኑን ወደ ራሱ ይስብና እስከ ታች ይጠርገዋል። አንዳንድ ቀን ሦስት ቤት ያመጣውን ምግብ በተከታታይ ይበላል፤ ላብ በግንባሩ ይወርዳል። «ሐዘኑን በመብል ሊረሳ ነው» እያለች ቦጋለች ትጨምርለታለች።

ዐቢይ ጾም ሲገባ የንስሐ አባቷ አባ መርስዔ ኃዘን ደጃፏ ላይ ቆመው ነበር።

«አባቴ፣ ሐኪሙ ወተት እንድጠጣ አዞኛል» አለች።

«ለሕመምተኛ ይፈቀዳል።»

«ሕመምተኛስ አይደለሁም።»

«እንግዲያው አይፈቀድም።»

ጌታነሽ ጥቂት አሰበች። «እሺ፣ ሕመምተኛ ነኝ» አለች።

ቦጋለች ከአጥሩ ወዲያ ነበረች። ሁሉንም ሰምታለች፤ ያወራችው ግን የመጨረሻውን ብቻ ነው።

ጌታነሽ ብርቱ ሴት ናት፤ ይሁን እንጂ አገር ሲያዝንልህ ስንት ቀን ትስቃለህ? አንድ ከሰዓት በኋላ ባናዎቿን እያጣጠፈች ሳለ አንድ ነገር ትዝ አላት። ሳትቀደድ በፊት ይሥሐቅ ደም ሊሰጥላት ሄዶ ነበር፤ ሐኪሙም ጠርቶ በር ዘግቶ አነጋግሮታል። ሲመለስ ፊቱን ታጥቦ ነበር።

«ያን ዕለት ሐኪሙ ምን አለህ?» አለችው።

«ምን ይለኛል።»

«ታዲያ ለምን ነው በር የዘጋው?»

«ጨጓራ ነው፣ ቀላል ነው አለኝ» አለ፤ ወደ ውጭም ወጣ።

እናቷ ሊሞቱ ሲሉ ጌታነሽ ራሷ ያለቻቸው ይህንኑ ነበር፤ አንድ ቃል አልጎደለም። ያኔ ፈራች። በደረበችው ነጠላ ውስጥ ክንዷን ዳሰሰች፤ እስከ ትናንት ያስደሰታት ቅጥነት እንደ ሌላ ሰው አካል ሆነባት።

ፋሲካ እንዳለፈ ሽማግሌዎች መከሩ። ሳትቆርብ፣ ሳትናዘዝ ብትሞት ኃጢአቱ የኛ ነው፤ ይነገራት አሉ። መርዶ ደግሞ የሚነገረው ማለዳ ነው። ስለዚህ አንድ ማለዳ አባ መርስዔ ኃዘን ከፊት፣ ሽማግሌዎቹ ከኋላ፣ ቦጋለች ነጠላዋን አዘቅዝቃ ደጃፉን ሞሉት። ቦጋለች እዝንም ይዛ ነበር፤ ለሐዘንተኛ የሚወሰደውን ምግብ ለሟቿ ለራሷ ይዛ መጣች።

ጌታነሽ በሩን ከፍታ ይህን ስታይ መቃኑን ያዘች።

«ትሕትናን ነው?» አለች።

«ልጅሽ ደኅና ናት» አሉ አባ።

«ታዲያ ማን ሞተብኝ?»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። «እስካሁን ማንም» አሉ አንዱ።

አባ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጄ፣ በዚህ ዓለም ሁላችን እንግዳ ነን። የመጣነው ያንቺን ልንነግርሽ ነው።»

ገብተው ተቀመጡ። ቦጋለች እዝኑን በሰሐን መሶብ ላይ አቀረበችው፤ ይሥሐቅም በለመደ እጁ ሰሐኑን ወደ ራሱ ሳበ። ጌታነሽ ዞራ አየችው።

«እነዚህ ከሚነግሩኝ አንተ ንገረኝ። ሐኪሙ ምን አለህ?»

«አንቺ ደኅና ነሽ።»

«በትሕትና ማልልኝ።»

«በትሕትና፤ ደኅና ነሽ።»

«በር ዘግቶ ያወራህ ታዲያ ስለ ማን ነው?»

ይሥሐቅ አቀረቀረ። እንዳቀረቀረም ተናገረ። ደሜን ውሰዱ ብሎ ክንዱን ሲዘረጋ ግፊቱን ለክተው አንወስድም አሉት። መረመሩት። ኩላሊቱ እየደከመ ነው። ጨው፣ ሥጋ፣ ቅባት ከልክለውታል፤ በወሩ ተመለስ ቢሉትም አልተመለሰም።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ያኔ ልትቀደጂ ነበር» አለ። «ከዚያ ደግሞ ደስ ብሎሽ ነበር።»

ከተማው ተደብቋል ያለው በሽታ በእርግጥም ተደብቆ ኖሯል፤ ቤቱንም አልሳቱም። በአንድ ሰው ብቻ ነው የተሳሳቱት። ቦጋለች ወደ ጌታነሽ ጠጋ ብላ በጆሮዋ «ለሱ እንዳትነግሪው፤ ይደነግጣል» አለቻት።

ጌታነሽ አልሰማቻትም። ዓይኗ ሰሐኑ ላይ ነበር። ከጥር ጀምሮ የገባው ገንፎ፣ ቅቅሉ፣ ወጡ፣ ሰው እንዳይቀየማት ብሎ የጨረሰው ሁሉ በዓይኗ መጣ። እንባዋ ወረደ፤ አልጠረገችውም። ሰሐኑን ከእጁ ቀስ ብላ ወስዳ ለአባ አቀበለቻቸውና ተነስታ ጫማዋን መፈለግ ጀመረች።

«ልበስ፤ ዛሬ ነው የምንሄደው። ሐኪሙ ሲጠራህ እኔም እገባለሁ።»

«ክፍሉ ጠባብ ነው» አለ ይሥሐቅ። «አንድ ወንበር ብቻ ነው ያለው።»

«ይበቃናል» አለችው። «ቀጥኛለሁ እኮ።»