ዲቫካራን ቼታና አራቱ ግልብጥ መቀርቀሪያዎች

ዲቫካራን ቼታን ሳስብ አስቀድሞ ትዝ የሚለኝ ንዴታቸው ነው። በሕንድ፣ በኮቺ የባሕር ኃይል ወደብ የመለዋወጫ ግምጃ ቤቱ ኃላፊ ነበሩ። ሁላችንም እንደ ታላቅ ወንድም “ቼታ” እንላቸዋለን፤ እሳቸው ግን ማንንም እንደ ታናሽ ወንድም አያባብሉም። በሠላሳ አንድ ዓመት አንዲት ቡሎን አልጠፋችባቸውም፤ ይህንንም ምሳቸውን በበሉ ቁጥር ይነግሩናል።

አውሮፕላን ተሸካሚ መርከባችን ከእንግሊዞች የተገዛች አሮጊት ናት። መለዋወጫዋን ይሠራ የነበረው ፋብሪካ ከተዘጋ ቆይቷል። አውሮፕላኖቹን ከሆዷ ወደ ላይኛው ወለል የሚያወጣው የኋላ አሳንሰር፣ ላይ ሲደርስ ደግፈው የሚይዙት አራት መቀርቀሪያዎች አሉት። እነሱ ተበልተው አሳንሰሩ ቆሟል። ቼታ “እዚሁ እንሥራቸው” እያሉ ሰባት ዓመት ጻፉ፤ ሰባት ዓመት “ኦሪጅናሉን ይጠብቁ” ተባሉ። ጡረታ ሊወጡ አራት ወር ሲቀራቸው ተፈቀደ። ከመውጣቴ በፊት ይህ አሳንሰር ሲሠራ ልይ፣ ሌላ አልፈልግም አሉ።

የድሮውን ንድፍ አንብቦ ለብረታ ብረት ክፍሉ የማዘጋጀቱ ሥራ ለእኔ ተሰጠ። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ዓመት አልሞላኝም።

“የመቀርቀሪያው ክርን ወዴት ነው የዞረው?” አሉኝ ወረቀቴን አይተው።

“ወደ ቀኝ።”

“ወደ ግራ ነው ልጄ። በዚህ እጄ ስንት ዓመት ግራሶ ቀብቼዋለሁ።”

“ንድፉ ወደ ቀኝ ይላል፣ ቼታ።”

“ንድፉማ ምን አደረገ፤ አንባቢው ነው እንጂ!”

እኛ ኮሌጅ የተማርነው ዕቃውን ከቀኝ አይተው የሳሉትን በወረቀቱ ቀኝ ማስቀመጥ ነበር። የድሮዎቹ እንግሊዞች ደግሞ ከቀኝ ያዩትን በግራ ያስቀምጣሉ። ይህን ያልጠየቀ ሰው እያንዳንዱን መስመር በትክክል ለክቶ የመስታወት ግልባጩን ያሠራል። አሠራሁ።

አራቱ መቀርቀሪያዎች እያብረቀረቁ መጡ። አንዱም አልገባም። ቼታ አንዱን አንስተው አገላበጡት።

“ሲያምሩ! መርከቧን እንገልብጣት እንዴ፣ ኢንጂነር?”

በማግስቱ አዲስ የሥራ ጥያቄ ጻፉ፤ ተመለሰባቸው። እኔን አስከትለው ቢሮ ገቡ። የንብረት ካርዶቹን የምትይዘው ሊላማ ቀና እንኳ አላለችም።

“አራት አለዎት እኮ ቼታ። ካርዱ ይናገራል።”

“አይገቡም እኮ! ግልብጥ ናቸው!”

“ካርዱ ላይ ግልብጥ የሚል ቦታ የለም።”

“ይወገዱልኛ!”

“ንብረት አስወጋጅ ኮሚቴው ከስድስት ወር በኋላ ይሰበሰባል።”

“እኔ በወሩ መጨረሻ ጡረታ እወጣለሁ!”

“እንኳን ደስ ያለዎት።”

ውጪ ስንወጣ “ጥፋቱ የእኔ ነው ብዬ ልጻፍ” አልኳቸው።

“ጻፍ። እሱም ኮሚቴ ይጠብቃል።”

በተከታዩ ማክሰኞ በምሳ ሰዓት ዝናብ ይጥል ነበር። ሁለቱን መቀርቀሪያ እሳቸው፣ ሁለቱን እኔ ተሸክመን እስከ ወደቡ ጫፍ ሄድን። ውሃው ሲውጣቸው ድምፅ እንኳ አላሰሙም። ቼታ ተመልሰው ከሊላማ በተቀበሉት ካርድ ላይ “ጠፍቷል፣ አራት” ብለው ጻፉና ፈረሙ። የጠፋ ዕቃ ኮሚቴ አያስፈልገውም፤ ወዲያው ይተካል። የሚጠየቀው ግምጃ ቤቱን የያዘው ሰው ብቻ ነው።

የንብረት ክፍሉ አለቃ የሆነው መኮንን ሁለታችንንም አስጠራን።

“እርስዎ ቡሎን እንኳ የማይጠፋብዎት ሰው፣ ይህን የሚያህል ብረት የት አገቡት?”

“ባሕር ዳር ነን ጌታዬ። ዕቃ ይወድቃል።”

መኮንኑ ወደ እኔ ዞረ። ወለሉን አየሁ። ዛሬም ያን ወለል ከነስንጥቁ አስታውሰዋለሁ።

በስንብት ወረቀታቸው ላይ “ያለ ጉድለት አገልግለዋል” የሚለው ዓረፍተ ነገር ተሰረዘ። ወደ ግራ የዞሩት አዲሶቹ መቀርቀሪያዎች የደረሱት እሳቸው በወጡ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ነው። አሳንሰሩ አውሮፕላን ይዞ ሲወጣ አየሁና በጀልባ ተሻግሬ ቤታቸው ሄድኩ። በር ላይ ቆመው ጃንጥላ ይጠግኑ ነበር።

“ገባ?” አሉኝ፣ ሰላምታዬን ሳይመልሱ።

“ገባ፣ ቼታ።”

“ያለ መዶሻ?”

“ያለ መዶሻ።”

ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ ጃንጥላቸው ተመለሱ። ትንሽ ቆሜ ጠበቅሁ። ግባ አላሉኝም።