የፊት ረድፍ

እውነተኛ ስሙን ደመወዝ ክፍል ያውቀው እንደሆነ እንጃ፤ ዩኒቨርሲቲው በሙሉ የሚጠራው ፊውዝ እያለ ነው። የትልቁ አዳራሽ ኤሌክትሪሻን ነው። መብራት ሲጠፋ «ፊውዝ!»፣ ማይክ ሲያፏጭ «ፊውዝ!» ይባላል፤ ሁሉም ሰላም ሲሆን ግን የሚያስታውሰው የለም። እሱም በዚህ አይከፋም። ሆዱን የምትበላው አንዲት ነገር ብቻ ናት፦ ባለቤቱን አዳራሹ ውስጥ ከፊት ረድፍ አስቀምጦ ዝግጅት ሊያሳያት ቃል ገብቶላታል። ቃሉን የሰጣት የመጀመሪያ ልጃቸው ሳይወለድ ነው፤ አሁን ያ ልጅ መላጣ ሆኗል። አንዴ እንግዳ በዝቶ፣ አንዴ የጥሪ ካርድ አልቆ ሳይሆን ቀረ። «ቦታ የለም» ባላት ቁጥር «ይሁና» ትለዋለች። የእሷ «ይሁና» ደግሞ ከስድብ ይብሳል።

ጡረታ ሊወጣ ሲል ዩኒቨርሲቲው የዲጂታል ጥበብና የሰብአዊ ጥናት ፌስቲቫል ሊያዘጋጅ ነው ተባለ። የገመዱን ነገር የሚያውቅ ሰው ይኑር ተብሎ ፊውዝ ኮሚቴ ውስጥ ገባ። የዚያን ዕለት ቤቱ የደረሰው በሩጫ ነው።

«በይ ቀሚስሽን ተኩሺ» አላት። «አሁን እኔም ወሳኝ ነኝ።»

ኮሚቴ ግን ኮሚቴ ነው። ሰብሳቢው የታሪክ ፕሮፌሰር ናቸው፤ ሰዓት ስንት ነው ቢባሉ ሰዓት እንዴት እንደተፈለሰፈ ሳይናገሩ አይመልሱም። የመጀመሪያዎቹ ስብሰባዎች «ለመሆኑ ዲጂታል ምንድን ነው?» በሚል ክርክር አለቁ። በመጨረሻ የፍልስፍናው መምህር ጠረጴዛውን መቱ።

«ሰው በእግሩ መጥቶ፣ በበር ገብቶ፣ ወንበር ላይ ከተቀመጠ ይኼ ፌስቲቫል ዲጂታልነቱ ምኑ ላይ ነው?»

አዳራሹ ውስጥ ማንም እንዳይገባ፣ ሁሉም ከየቤቱ በስልኩ እንዲያይ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ፊውዝም እጁን አወጣ። ሁሉም አውጥተው እሱ ብቻ ቁጭ ማለቱ አሳፍሮት ነው እንጂ ያችን እጁን ቢቆርጡለት ይወድ ነበር።

በሚቀጥለው ስብሰባ ፕሮፌሰሩ ፊታቸው ጠቁሮ መጡ።

«የመክፈቻ ንግግሬን የማደርገው ለማን ነው? ለወንበር?»

«ውሳኔው ጸድቋል» አሉ የፍልስፍናው መምህር።

«ባዶ አዳራሽ ሲታይስ? ጠርተው ሰው አጡ ይሉናል እኮ!»

መላውን ያመጣችው የኮምፒውተር መምህሯ ናት፤ ነገር ካፍ የምትነጥቅ ፈጣን ልጅ። ሰው አስቀድሞ ይቀረጽ፣ በየወንበሩ ኮምፒውተር ያባዛው፤ በዕለቱ አዳራሹ ስክሪን ላይ ጢም ብሎ ይታያል። ተማሪዎቹ ፈተና ላይ ናቸው። መምህራኑም ለንግግር እንጂ ለተመልካችነት አንቀረጽም አሉ። ለመባዛት የሚሆን አንድ ሰው ጠፋ።

«ባለቤቴ አለች» አለ ፊውዝ።

የተተኮሰ ቀሚሷን ለብሳ፣ ለልጇ ሠርግ የገዛችውን ጫማ አድርጋ መጣች። መምህሯ ካሜራዋን መድረኩ ላይ ተከለች፤ ፊውዝ ከመድረኩ በላይ ካለችው የመብራት ክፍል ሆኖ መብራቱን ያስተካክላል። ከፊት ረድፍ ተጀመረ። ከዚያ ሻርፕ እየቀያየረች፣ የፕሮፌሰሩን ኮት እየደረበች፣ የፍልስፍናውን መምህር መነጽር እየሰካች ከወንበር ወንበር ዞረች።

«እትዬ፣ እዚህ ጋ ያጨብጭቡ። እዚህ ደግሞ ትንሽ ይጠራጠሩ።»

«ምኑን ልጠራጠር የኔ ልጅ?»

«ሁሉንም። አሁን ምሁር ነዎት።»

የኋላ ረድፍ ስትደርስ እንቅልፍ ጣላት። መምህሯ ልትቀሰቅሳት ስትል ፕሮፌሰሩ ከለከሏት።

«ተያት! እስካሁን ከታዩት ሁሉ ምሁር የምትመስለው ይቺ ናት።»

እያንዳንዱ ቀረጻ ሲያልቅ ወደ መብራት ክፍሉ ቀና ብላ ለባሏ እጇን ታውለበልብለት ነበር። ካሜራው ገና እንዳልጠፋ ልብ ያለው የለም።

የፌስቲቫሉ ዕለት ጠዋት ፊውዝ «ቦታ የለም» ለማለት አፉን ሲከፍት «ይሁና» ብላ ቀደመችው። ስልኳን ይዛ ቤቷ ቀረች፤ እሱ አንገቱን ደፍቶ ወጣ።

ፕሮፌሰሩ ባዶው አዳራሽ ፊት ቆሙ። ከፊታቸው በተሰቀለው ትልቅ ስክሪን ላይ ግን የፊውዝ ባለቤት ከዳር እስከ ዳር ሞልታ ታጨበጭባለች፣ ትጠራጠራለች፣ ታንቀላፋለች። ንግግሬ አጭር ነው ብለው ነበር፤ የጀመሩት ግን ሰው ድንጋይ ላይ መጻፍ ከጀመረበት ዘመን ነው። ወረቀት ላይ ሳይደርሱ ቀረጻው ወደ ማለቂያው ደረሰ። መጨረሻውን መቁረጥ ተረስቷል። ከኋላ ያንቀላፋችው ብቻ ስትቀር አዳራሽ ሙሉ ሴት በአንድ ጊዜ ቀና ብላ እጇን አውለበለበች።

ፕሮፌሰሩ ወደ ስክሪኑ ቀረብ አሉ። በዕድሜያቸው ሙሉ ንግግራቸውን እንዲህ የተቀበለ ሰው አልነበረም።

«እኔም እወዳችኋለሁ!» አሉና መልሰው አውለበለቡ።

ፊውዝም ከላይ ሆኖ ሳያውቀው እጁን አነሳ። ወዲያው ስልኩ ጮኸ፤ ባለቤቱ ናት።

«አየኸኝ?»

«አየሁሽ።»

«የቷን?»

ፊውዝ ወደ ባዶዎቹ ወንበሮች ቁልቁል ተመለከተ፤ ከዚያ ወደ ስክሪኑ።

«ከፊት ረድፍ ያለችውን» አላት።

«እሷን እንኳ ጫማዋ ጠቧት ነበር» አለችና ሳቀች።